የጀማነህ ፍትሐት

ዘርፌን ባሏን የቀማት ሙት ነው። ሴት ብትሆን ኖሮ ፀጉሯን ይዛ ታስተምራት ነበር። ሙትን በምን ይይዙታል?

ባሏ ተፈሪ አዲስ አበባ ሳለ ስሙን የማያውቅ አንባቢ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1986 ግን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። ቤት ሲገባ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ የተጻፈ ልብ ወለድ ይተረጉማል። ሰውየው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ወንድ አፈቀረ ተብሎ ተከሶ የታሰረ ነው። ያፈቀረው ወጣትም ችሎት ቆሞ «አላውቀውም» ብሎበታል።

ተፈሪ እዚያ ቦታ ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጥና ባዶ ክፍል ውስጥ ያወራል።

«ጀማነህ፣ አንተም እንዲህ ትለኝ ነበር?»

ዘርፌ ኩሽና ሆና ትሰማዋለች። ተፈሪና ጀማነህ የሚባል ወጣት ይፋቀራሉ እያለ የአዲስ አበባ ሰው ያላወራው ነገር የለም። እሷ ተፈሪን ያገኘችው ሱዳን ነው። ጀማነህ ሞቷል አላት፤ በሙት አይቀናም ብላ አገባችው። ወይ ሞኝነት!

ይባስ ብሎ የጓሮውን በር አልቆልፍ አለ።

«አንተ ሰውዬ! ዋይንላንድ ፓርክን በመሰለ የሌባ ሰፈር በር ክፍት ይተዋል?»

«ቢመጣስ?»

«ሞቷል አላልከኝም?»

«ፍትሐቱ ሲደገም ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«የት ነው ያረፈው ታዲያ?»

«ገዳም» አለና ፊቱን አዞረ።

ዘርፌ ከሳች። ደረጃው በተንቋቋ ቁጥር ተፈሪ በደስታ ቀና ይላል፤ እሷ ስትገባ ፊቱ ይጠቁራል። ይሄ ነው ያንገበገባት። ለጎረቤቷ ለፀሐይወርቅ አልቅሳ ነገረቻት።

«ከኢየሩሳሌም አንድ መነኩሴ መጥተዋል» አለች ፀሐይወርቅ። «ጠበል ይርጩልሽ፤ እንኳን አንዱ ሌጌዎንም ይወጣል። ራይድ እኔ እሰጣቸዋለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተፈሪ ሥራ ላይ ሳለ፣ ፀሐይወርቅ አድርሳቸው ሄደች። አባ ተክለ ማርያም ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ሙት አይፈሩም?» አለቻቸው ዘርፌ።

«ልጄ፣ እኛ ስንመነኩስ በቁማችን ፍትሐት ይደገምልናል። ሙት ሙትን ምን ይፈራዋል?» ብለው ሳቁ።

እሷም ሳቀች፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር። ከዚያ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ባሌን ይመልሱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ተነሺ፣ ተነሺ። የሚያስቸግረው መንፈስ ስም አለው?»

«ጀማነህ ይባላል።»

የጠበሉ ጠርሙስ ከእጃቸው አመለጠ፤ ምንጣፉ ራሰ። ዘርፌ መንፈሱ መታቸው ብላ አማተበች።

«ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አሉ መነኩሴው። «ልሂድ።»

«በእመቤቴ! ባሌ ሳይመጣ ወዴት?» ሮጣ የፊቱንም የጓሮውንም በር ቆለፈች። «ዛሬ ካልተገላገልኩ መቼም አልገላገልም!»

አባ በቆሙበት ቀሩ፤ ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ብዙም ሳይቆይ የፊቱ በር ላይ ቁልፍ ዞረ። ዘርፌ ተመስገን አለች።

ተፈሪ ገባ፤ መነኩሴውን አየ፤ መስቀል ግን አልተሳለመም።

«ጀማነህ፣ መጣህ?»