የጄት ስኪዋ ቡሽ

ሁሉ ነገር የተበላሸው በ2010 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ሌላው ሰው ቀኑን ረስቶታል፤ ሙሉብርሃን አልረሳውም።

የዚያን ዕለት ቆቃ ሐይቅ ዳር ካለው መዝናኛ የወጣች ጄት ስኪ የሚሏት የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት መሃል ውሃ ላይ ሰጠመች። የተሳፈረባትን እንግዳ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጡት። ከጄት ስኪዋ ኋላ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ክፍት ነበር ተባለ፤ የሚደፍነው የነሐስ ቡሽ የለም። ጥገናው የሙሉብርሃን ነበርና ተባረረ።

የመዝናኛው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆሞ አስረድቷል። እሱ ቡሽ ሲፈታ በቀኝ የኮት ኪሱ ይከታል። ሲጨርስ ኪሱን ይዳብሳል፤ ባዶ ከሆነ ቡሹ ተገጥሟል ማለት ነው። የዚያን ቀን ኪሱ ባዶ ነበር። ስለዚህ እሱ ከገጠመ በኋላ የነቀለ ሰው አለ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት እንደ በግ አፍጥጠው አዩት። አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሮ ለእነዚህ ማስረዳቱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው።

የነቀለውን ያውቀዋል። ያኔ ጄት ስኪ ነጂ የነበረው ምልኬሳ ነው። አሥረኛ ክፍልን እንኳ ያላለፈው ምልኬሳ አሁን የመዝናኛው ሥራ አስኪያጅ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ምልኬሳ ደወለለት። አዲሷ ጄት ስኪ ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ባለሙያዎች ካንዴላ ቀይረውላት ተመልሰዋል።

"ክፍያ አልፈልግም" አለው ሙሉብርሃን። "ከሠራች ግን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ያን ቡሽ ማን እንደነቀለው ትናገራለህ።"

"እሺ ኢንጂነር፣ ብቻ ና" አለ ምልኬሳ።

የምረቃ ኮቱን ለብሶ ከአዳማ ተነሣ። ያኔም የሚሠራው በዚሁ ኮት ነበር፤ እሱ እንደሌሎቹ ተራ ዘይት ተቀቢ አይደለማ! ከተባረረ ወዲህ የሚያወጣው ለአቤቱታ ብቻ ነው። ኮቱ ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘነብላል፤ የተማረበት ከተማ ልብስ ሰፊ ሁለት ጎን እኩል መቁረጥ እንኳ አይችልም።

የመዝናኛው ወጥ ቤት ሠራተኛ ገላኔ በሩ ላይ ተቀበለችው።

"አካም ጋሼ ሙሉ! ኮትዎን ያውልቁና ልስቀልልዎ። ስፌቱም ለቋል፣ ጠቀም ጠቀም አደርገዋለሁ።"

"እንዳትነኪው።"

"ኧረ አልበላውም!"

ምልኬሳ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ጄት ስኪዋን በብረት ጋሪዋ ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር።

"የማቀዝቀዣ ውሃ ጎማ ሰክታችሁ ሞክራችኋል?" አለ ሙሉብርሃን።

"አዎ። ውሃውን ከፈትን፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሣን።"

"ሞተሩ ነው የሚቀድመው! ሲጠፋ ደግሞ ውሃው። አለዚያ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ነበር፤ ለአንተ ግን ያስፈልጋል።"

"ለዚህ አይደል አንተን የጠራነው፣ ኢንጂነር?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሙሉብርሃን በምልኬሳ የሳቁ መሰለው።

ቡሹን ፈትቶ ኪሱ ከተተና የተጠራቀመውን ውሃ አፈሰሰ። በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ውሃ የምትስብበት አፍ በእንቦጭ ተጠቅጥቋል፤ የሚሽከረከረው ምላጭ ላይ ደግሞ የዓሣ መረብ ተጠምጥሟል። በቢላ እየቆረጠ ጎልጉሎ አወጣው። ካንዴላ ቀያሪዎቹ ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩም! ሲነሣ የኮቱ ጫፍ ጋሪውን መታና ቀጭ አለ። አቧራውን አራገፈ።

ሞተሩን አስነሥቶ ውሃውን ከፈተ። ጄት ስኪዋ ያለ ችግር አጓራች። ውሃውን ዘጋ፤ ሞተሩን አጠፋ። ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው።

"ተገጥሟል፤ ጨርሻለሁ" አለ። "አሁን ተራው ያንተ ነው።"

ምልኬሳ ግን ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ነበር።

"ኢንጂነር፣ ቡሹስ?"

ቀዳዳው ክፍት ነው። የሙሉብርሃን ደም ፈላ። ዐይኑ እያየ! ደግመው!

"ዛሬም ወሰዳችሁት! ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሳትመልስልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ቡሹን ማን ወሰደው? ተናገር!"

ምልኬሳ የሙሉብርሃንን ኮት ቀኝ ጫፍ ያዝ አድርጎ ሲነቀንቀው፣ ገበሩ ውስጥ ሁለት ቡሾች ተጋጩ።