ፊት ወደ ፀሐይ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሊቱን ሲያካፋ ያደረው ሰማይ አባርቶ፣ ሙቀት የሌላት ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ትወጣለች።

መምህርቷ ከመኪናው ለመውረድ የሹፌሩን እጅ አይጠብቁም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በጠመኔ የሣሉት ወንዝ ሃያ እርምጃ ቀርቷቸዋል።

«ቲቸር፣ ቀስ ይበሉ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ሹፌሩ ካፖርታቸውን ይዞ ይከተላቸዋል። ትናንት ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ቤቱ ያሳደራቸው የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ በዚህ አገር አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።

«መጀመሪያ ከተማውን አይተን ወንዙን ሌላ ቀን ብንለው ምን ነበረበት? ወንዝ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«የትም አይሄድ?» ይስቃሉ። «አንተን ጂኦግራፊ ያስተማረህ ማን ነው?»

እሱ አይስቅም።

መምህርቷ ከብረት አጥሩ ደርሰው ይቆማሉ። ውሃው ከገመቱት ይሰፋል፤ ቀለሙም የጠበቁት ሰማያዊ ሳይሆን የዝናብ ደመና ዓይነት ነው። ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ከዚያ፣ ስልሳ ልጅ ከፊታቸው የተቀመጠ ይመስል፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞሩና ግራ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ግራ እጅ ሰሜን። ወንዙም ወደ ሰሜን።

ከድልድዩ ሥር የተሰበረ ቅርንጫፍ ብቅ ይላል። ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ግራ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይመጣል፤ እሱም ወደ ቀኝ።

«ንፋሱ ነው የሚገፋው» ይላሉ።

ከዳር የቆሙት ዛፎች አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስባቸውም።

የመማሪያ ክፍሉ ካርታ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ ቀስት አልነበረውም። ቀስቱን በቀይ ቀለም የጨመሩት እሳቸው ናቸው። በሰሜን ጫፍ ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ ወንዙ እዚያ የሚገባ መሰላቸው። ከዚያ የሚወጣ ይሆን ብለው አንድም ቀን አልጠረጠሩም።

እጃቸውን ያወርዳሉ።

«ታውቅ ነበር።»

«እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ቲቸር።»

«ያኔ ነው የምልህ። ተማሪዬ ሳለህ።»

ካፖርቱን በትከሻቸው ላይ ጣል ያደርግላቸዋል፤ ቁልፎቹን ለመቆለፍ ጎንበስ ይላል። «አጎቴ እዚህ ወንዝ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር። አገር ቤት ሲመጣ ስለ ወንዙ ያጫውተን ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«በአፍማ እርስዎን ማን ይደፍራል? ጠመኔ ሲወረውሩ መቼ ይስቱ ነበር!» ፈገግ ለማለት ይሞክራል። «ፈተናው ላይ ጻፍኩት እንጂ።»

መምህርቷ ወረቀቱን አያስታውሱም፤ በየዓመቱ ስንት ወረቀት አርመዋል። የሚያስታውሱት እናቱን ነው። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ላይ በአንድ ትምህርት ሲወድቅ፣ መምህራን ክፍል ድረስ መጥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ለምነዋቸው ነበር። እሳቸውም ከሚያርሙት ቀና ሳይሉ «ሰነፍ ነው፤ ይድገም» ብለዋቸዋል። ልጁ አልደገመም። በዚያው ቀረ።

«ኤክስ አደረግኩብህ» ይላሉ።

«ይተዉት እንግዲህ። ይህን አገር የወደድኩት እኮ ከእርስዎ አፍ ሰምቼ ነው። ይልቅ ብርድ ሳይመታዎት ገባ እንበል፤ ልጆቹም ቁርስ አቅርበው እየጠበቁን ነው።»

«የዚያን ዓመት የጂኦግራፊ ውጤትህ ስንት ነበር?»

«ኧረ ማን ያስታውሰዋል፣ ቲቸር!»

«አንተ።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ይቆልፍላቸዋል። ቀና ብሎ አያያቸውም።

«አርባ ዘጠኝ» ይላል።

ማለፊያው ሃምሳ ነበር።