ምራት ስታስተረጉም

አሮጊቷ ልጃቸው ጋ ስዊድን ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። የምታስተረጉምላቸው ምራታቸው ናት።

«እንዴት ነዎት?» አለ ሐኪሙ በምራትየዋ በኩል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ፤ ደህንነት የጠየቀን ሰው በሕመም መቀበል ነውር ነውና። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «በይ ንገሪው እንጂ ልጄ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲወጋኝ ሰነበተ፤ ዛሬማ ደምም አስመለሰኝ።»

ምራትየዋ ለሐኪሙ ባጭሩ ነገረችው።

«ታዲያ ጎናቸውን ለምን ይይዛሉ?»

«ልማድ ነው፤ እርጅና።»

ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ባለተራውን ሊጠራ ወጣ።

«ምን አልሽው?» አሉ አሮጊቷ።

ምራታቸው ጎንበስ ብላ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው።

«ያኔ ምጥ ይዞኝ ጓዳዎ ውስጥ ስጮህ፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ብላ በርዎ ላይ የቆመችውን ነርስ ያስታውሷታል? ልጄን በማግስቱ የቀበራችሁት ጊዜ። ለእሷ የመለሱላትን ነው የመለስኩለት፤ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»