ረዳቱ የጠራው ስም

የአውቶቡስ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ የእናንተን ስም ሲጣራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ልብስ ሰፊዋ ሰምተዋል...

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ከሰው አገር መመለሳቸው ነበር። ስማቸው ሲጠራ ደንገጥ ብለው "አቤት!" አሉ።

ተሳፋሪው ሳቀ።

"እማማ፣ እርስዎን አይደለም... የሰፈሩ ስም ነው" አላቸው ረዳቱ።

"ሰፈሩ ነው የኔን የወሰደው፣ ልጄ" ብለው ወረዱ።

እውነታቸውን ነው። ድሮ እዚያ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ቤትና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነበሯቸው።

የረዳት ኪስ መቼም ዕድሜ የለውም... አውቶቡሱ ሰው እስኪጭን፣ ኮቱን ሳያስወልቁ እንደቆመ ይሰፉለት ነበር። ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው "ሂድ፣ አንተ ቀዳዳ!" ብለው ይሸኙታል።

ፌርማታው ስም አልነበረውም። ረዳቶቹ በእሳቸው ስም ጠሩት... ሰፈሩም ተከተለ።

ሲሄዱ ቤቱን ለታናሽ ወንድማቸው አደራ ሰጥተው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ አላነሳ ሲላቸው፣ ቤታቸውን ሊረከቡ መጡ።

ቤቱ የለም።

በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ወንድማቸው በሙሉ ልብስ፣ መቀስ ይዞ ይናገራል፤ ሰዉም ያጨበጭብለታል።

አጠገባቸው የቆመችውን ሴት ምን እንደሆነ ጠየቋት። ሕንፃው በሰፈሩ ስም ሊመረቅ መሆኑን ነገረቻቸው።

"ስሙ የሟች እህቱ ነው አሉ... ስንቱ ቀብሮ ይረሳል፣ እሱ ግን ደግ ወንድም ነው።"

ሟች?!

ለካ ቤቱን በውርስ ለመውሰድ "እህቴ ሞታለች" ብሎ ሦስት ጎረቤቶች አስመስክሮ ነበር...

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ፊቱ ቆሙ።

"እትዬ..." አለ።

ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ለመናቸው። ሰው ፊት እንዳያዋርዱት፣ ይቅር እንዲሉት፣ ስማቸውንም ሕንፃው ላይ ከፍ አድርጎ መስቀሉን እንዲያዩለት። ፊት ወንበር ላይ የተኮፈሱት ሦስቱ ምስክሮችም ያለፈው አለፈ፣ የእናት ልጅ ነው ይሉ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ስሜን ለኔ የሰጠችኝ እናቴ ናት። ለሰፈሩ የሰጡት ረዳቶቹ ናቸው። አንተ የሰጠኸኝ ሞት ብቻ ነው... እሱን ለራስህ አስቀምጠው። ሟቿ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።"

ወዳጆቼ... ሰውን ከነነፍሱ ቀብሮ በስሙ ሕንፃ ማቆም ማክበር አይደለም። ድንጋይ መጫን ነው።

እናንተ ብትሆኑ "የእናቴ ልጅ ነው" ብላችሁ ታልፉት ነበር? ጻፉልን።

"ይቅር ይበሉት" ልትሉ ለምትቸኩሉ ግን የእሳቸው መልስ ይኸው፦

"እሱንም፣ የመሰከሩትንም፣ ያጨበጨቡትንም... ማንንም ይቅር አልልም።"