ፍየሏን ይዘው ይምጡ

ዋርሳሜ በሶማሌ ክልል፣ ቱሊ ጉሌድ ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ወሬ አያበዛም። ለሰው የሚናገረው በቀን አሥር ቃል ቢሆን ነው፤ የቀረውን ለፍየሉ ያስቀምጣል።

ፍየሏ ነጭ ናት፤ ስሟ ዐደይ ነው። ሟች ሚስቱ በጡጦ አሳድጋ የተወችለት ናት። አንድ ክፉ አመል ግን አለባት። ጎህ ሲቀድ ታመልጥና ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቆርቆሮ በር ተራ በተራ በቀንዷ ትደልቃለች። የፓስታ ትራፊ ካልሰጧት አትለቃቸውም። ዋርሳሜ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ በየበሩ «ይቅርታ» ይላል። ከአሥሩ ቃል ስምንቱ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ ደነገጠ።

ያመጣችው ኢቅራ ናት። እሷም ከተከራዮቹ አንዷ ነበረች፤ አሁን ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ዘንድሮ ያለፈው ልጅ ብዛት ከተማውን ሁሉ አስገርሟል። ዋርሳሜ ፊደል ስላልቆጠረ እሷው አነበበችለት።

«ለወጣቶች የደከሙ አዋቂዎችን የምናመሰግንበት በዓል ሐሙስ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይከበራል። ፍየሏን ይዘው ይምጡ።»

«ፍየሏን?»

«አዎ፣ አዴር» አለች፣ አጎቴ ለማለት። «ያለሷ ምን በዓል አለ?»

ከዚያ ኢቅራ ተንበርክካ የዐደይን ከንፈር ገለጠችና ጥርሷን አየች።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«ጎሽ። ኮሚቴው ዕድሜው ያልሞላ አይሆንም ብሎ ነበር።»

ዋርሳሜ ደንቡን ያውቀዋል። ለእርድ የሚቀርብ እንስሳ ዕድሜው የሞላ፣ እንከን የሌለበት መሆን አለበት። ኢቅራ ደግሞ ጆሮዋን አየች፣ ቀንዷን ዳሰሰች፣ ከቦርሳዋ ሲባጎ አውጥታ አንገቷንና ደረቷን ለካች።

«ማሻአላህ፣ ወፍራም ናት!» ብላ ሄደች።

ዋርሳሜ ያን ቀን ምሳ አልቀመሰም።

ማምሻውን ጎረቤቱ ዐርዶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ትልቁን ድስቴን ልጆቹ ወሰዱት። ለመቶ ሰው ነው አሉ። ምነው አንተ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ዐደይን ሊያርዱብኝ ነው።»

ዐርዶ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ታዲያ የሰው በር ስትሰብር ከርማ! ለእኔ ጉበቷን አስቀምጡልኝ በላቸው።»

በማግስቱ ገበያ ሲያልፍ ልብስ ሰፊው ደበሌ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ጠራው።

«ዋርሳሜ! ለበዓሉ ተሸላሚ ካባ እየሰፋሁ ነው። ሃያ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ልክ ገጥሞኝ አያውቅም፣ ወላሂ።»

«በርታ» ብሎት አለፈ። ካባ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የሚያስበው ጅግጅጋ ስላለችው እህቱ ነው፤ ግቢዋ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ከፍ ያለ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የሚስቱን መከናነቢያ፣ ጋርባሳሯን፣ ከሳጥን አወጣና ዐደይን ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አከናነባት። ከዚያ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባት። ሾፌሩ ዐብዲከሪም በመስታወቱ አያቸው።

«እናትህ ናቸው?»

«እህቴ ናት። ጅግጅጋ ሐኪም ቤት።»

ዐብዲከሪም ትንሽ ነድቶ እንደገና አየ።

«እህትህ ጺም አላት።»

«ለዚህ ነው ሐኪም ቤት የምወስዳት።»

ሁሉም ደህና ነበር፤ መንገዱ ግን በትምህርት ቤቱ በኩል ያልፋል፣ የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ዐደይ በሩን ስታይ ከነጋርባሳሯ ከባጃጁ ዘለለች። ጓ! ጓ! ጓ! ዋርሳሜ ሳይደርስባት በሩ ተከፈተ።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሕዝቡ ዞሮ አያቸው።

ዋርሳሜ ፍየሏን አንገቷን አቅፎ የዓመት ቃሉን በአንድ ጊዜ አፈሰሰው። «ሥጋዋ አይጥምም! አርጅታለች! በግ አመጣላችኋለሁ፣ ሁለት በግ! ከፈለጋችሁ በር ላይ አስሬ አሳድራታለሁ፣ ብቻ እሷን ተዉልኝ!»

«አዴር፣ ምን ሆነዋል?» አለች ኢቅራ። «ምሳው እኮ በስሏል።»

እውነትም በስሏል። የዐርዶ ድስት እሳት ላይ ነው፤ የሩዙና የሥጋው ሽታ ሜዳውን ሞልቶታል። ዋርሳሜ ግራ ገባው። ኢቅራ እጁን ይዛ ከነፍየሉ መድረክ ላይ አወጣችውና ማይኩን አነሳች።

«ዘንድሮ የምናመሰግናቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሲቀድ በየበራችን እየመጡ ለጥናት የቀሰቀሱንን ነው። ዝናብ አላስቀራቸውም፣ ብርድ አላስቀራቸውም። እሳቸው ባይኖሩ ሁላችንም ተኝተን ቀርተን ነበር!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ዐርዶ እልልታዋን ለቀቀችው።

ዋርሳሜ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ጎህ ሲቀድ በየበሩ የሚዞር ሌላ ሰው በከተማው የለም። ያን ሁሉ «ይቅርታ» ለካ የሰማው ሰው ነበር! «ሚስቴ ይህን ቀን ብታይ» አለ በሆዱ።

ደበሌ ካባውን በሁለት እጁ ተሸክሞ ወደ መድረኩ ወጣ። ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ። ዋርሳሜ ቆቡን አወለቀ፣ ጺሙን በእጁ አበጠረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ጠበቀ። ትከሻው ላይ ምንም አላረፈም። ዓይኑን ገለጠ።

ካባው አራት እጅጌ ነበረው።