ባትሪውን የሚጨርሰው

ቢያዝን፣ ሟች ወንድሙ አልጋ አስገብቶ ቤት ባደረጋት ሚኒባስ ውስጥ ተንበርክኮ ፊውዝ ይነቅላል። ባትሪው በሞላ ማግሥት ባዶ እየሆነ አስቸግሯል። ከባትሪው ጋር ያያዛት፣ አንድ ነገር ኃይል እስከሳበ ድረስ የምትበራ መፈተሻ አምፖል የመብራቱንም የውኃ ፓምፑንም ፊውዝ ሲነቅል እንደበራች ነበር። አሁን ግን ጠፋች። «አገኘሁት እታለም» አላት የወንድሙን ሚስት። «ቴፑ ነው፤ ሳይጠፋ ነው የሚያድረው።»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከቀብር ሲመለሱ አክስቷ «ሐዘንተኛ ቴፕ አይሰማም» ሲሏት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋ ማጥፋቱን ረስታው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

«እስኪ መልሰው» አለችው። ፊውዙ ሲገባ ቴፑ ቦግ አለ፤ ድምፁን ቀስ አድርጋ ጨመረችው። ባሏ ነበር። እዚሁ ጣና ዳር ቆሞ የቀዳው የራሱ ዜማ፤ ከኋላው ደንገሉን የሚያንሿሿ ነፋስ ይሰማል። መሐል ላይ ዜማውን አቋርጦ «ነይ እንጅ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው» ይላታል፤ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለካ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሲጠራት ነበር የሚያድረው።

ቢያዝን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። «ልንቀለው?»

«የለም» አለች። «ይጨርሰው።»