ከታጠበ በኋላ

«የአሲድ ቀዳዳ ሲነካ አይታይም። የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው። ልብሱን አይተሽ ብቻ ደህና ነው እንዳትይ።»

አማቷ ይህን የነገሯት የባሏን ቱታ መጀመሪያ ያጠበች ቀን ነበር። የእሳቸውም ባል ዕድሜውን የጨረሰው አሲድ ክፍል ነው። ደህና የመሰለው ጨርቅ ከሳሙናው ውስጥ ወንፊት ሆኖ ሲወጣ አለቀሰች። አማቷ ሳቁባት።

«እሰይ በይ እንጂ። ቀዳዳ ካለ ሥራ አለ።»

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሥርዓት ይኸው ነው። አማቷ ቱታውን ከልጃቸው ተቀብለው፣ ኪሱን ፈትሸው ያቀብሏታል። ቅዳሜ ታጥባለች፣ እሑድ ትጥፋለች። የእሳቸው ዓይን ደክሟል፤ ቀዳዳውን የሚያውቁት በጣታቸው ነው። የራሳቸውን ልብስ ግን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው ያጥባሉ።

ፋብሪካው ኒኬል ያቀልጣል። ከማዕድኑ የሚወጣው የድኝ ጭስ ሰፈሩን እንዳይፈጅ ተይዞ አሲድ ይሆናል። አሲዱ በቢጫ ታንከር ተጭኖ በደጃቸው ያልፋል። ልጇን እያጠባች በመስኮት ታያለች። በፊት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አሥር ያልፍ ነበር። የኒኬል ዋጋ ወደቀ ሲባል አራት ሆነ። አሲዱን የሚገዛው የማዳበሪያ ፋብሪካም እጁን ሲሰበስብ፣ አንድ።

ማጠራቀሚያዎቹ ሞሉ ተባለ። እነሱ ከሞሉ ጭሱ መግቢያ የለውም፤ ጭሱ መግቢያ ካጣ ምድጃው ይጠፋል። የፋብሪካው በር ላይ የተሰናባቾች ስም በየሳምንቱ ይለጠፍ ጀመር። ቤቱም የፋብሪካው ነው። ስሙ የወጣ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ቁልፍ ያስረክባል።

ሰፈሩ ሁሉ ሬድዮ የሚላት ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ያንቺስ ሰውዬ?»

«እየሠራ ነው።»

«ታድለሽ። የእኔው ጣራ ሲቆጥር ይውላል። ትናንት ሠላሳ ሁለት ማገር አለው ብሎ አበሰረኝ።»

አማቷ ጓሮ፣ ከሟች ባላቸው አሮጌ የመኪና ባትሪ አጠገብ፣ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሰሙ።

«ለልጄ ቱታው ይመስክርለት» አሉ። «ትናንትም አሲድ ዘንቦበት ነው የመጣው።»

ያን ቅዳሜ ቱታውን ልትዘፈዝፍ ስታነሳው አፍንጫዋ ጠረጠረ። ሁልጊዜ የተጫረ ክብሪት ይሸት ነበር። አሁን የሚሸተው ላብ ብቻ ነው። ውሃውም አልጠቆረም። ቀዳዳው ግን ወጣ፤ ደረቱ ላይ፣ በሰልፍ። ሥራ ላይ የሚረጭ አሲድ እጅጌና የሱሪ ጫፍ ነው የሚበላው፤ ሰልፍም አያውቅም። የባሏን ጫማ አየች። የፋብሪካው ጥቁር ትቢያ የለበትም፤ የመንገድ ጭቃ ነው።

ገባት። ስሙ ወጥቷል። ቱታውን የሚበሳው ራሱ ነው።

ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው።

«ያው ነው።» እናቱን አየት አደረገና አንገቱን ደፋ።

ልታፋጥጠው አፏን ከፈተች። ግን ሐኪሙ ስለ አማቷ ልብ የተናገረው ትዝ አላት፤ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሏል። ለእናቱ ብሎ ነው የሚዋሸው። ሆድ ይፍጀው ብላ ቃሏን ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ እሷም በውሸቱ ገባችበት። እሑድ እሑድ ቱታውን ታቀርብላቸዋለች።

«ይዳስሱት እስቲ እማማ። ዛሬም ወንፊት ሆኗል።»

«እሰይ። ቀዳዳ ካለ ሥራ አለ።» ጣታቸው በደረቱ ላይ ይሄዳል። «አንቺ ግን ብዪ። የምታጠባ ሴት ሐሳብ አይበጃትም። ድሮ አንዴ አባቱን ከሥራ ሲያሰናብቱት ባልሽ ጡት ላይ ነበር። ወሬው የደረሰኝ ቀን ወተቴ ነጠፈ። ለትንሽ ተረፈልሽ።»

«እኔ ምን የሚያሳስበኝ አለ» አለች።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድም ታንከር ሳያልፍ ሳምንቱ አለቀ። ጭስ ማውጫው ባዶውን ቆመ።

«ለጥገና ነው» አሉ አማቷ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ልጄ ነግሮኛል።»

ራሷን ነቀነቀች። ሬድዮ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትሄድ በአጥሩ ላይ የተሰናበታት አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ካርቶን ያስር ነበር።

የዚያ ሳምንት ቱታም ተበስቶ መጣ። ምድጃው ጠፍቶ አሲድ ከየት ይረጫል? ባሏ አሥር ዓመት እዚያ ሠርቷል፤ ይህን እንዴት ሳተው? ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ያስተውላል ብላ ጣፈችለት።

ቁልፉን ለማስረከብ አሥራ አንድ ቀን ሲቀር አማቷን ጉንፋን ጣላቸው። ባሏ እንደ ልማዱ ቅያሪውን ቱታ ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ ወጣ። ቅዳሜ ነበር። ግራጫው የቤት ቀሚሳቸው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ተኝተው ሳሉ አወረደችው። እንከን አልነበረበትም። ዘፈዘፈችው፣ አሸችው፣ ጨመቀችው፣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው።

ጭኑ ላይ፣ በሰልፍ፣ ወንፊት ሆኗል። ዞር ብላ ጓሮ ያለውን ባትሪና ባዶውን በርጩማ አየች።

እጇን አደራረቀች፤ ሕፃኑን ታቅፋ አማቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ሲውጥ እንዲሰማቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ አጠባችው።